ለዱር እንስሳት ፎቶ የትኛው ካሜራ? ቅጽበቷ የት እንደምታመልጥ አውቆ መምረጥ

ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከቅርንጫፏ ተወርውራ ውሃ ውስጥ እስክትሰምጥ አንድ ሰከንድ ላይሞላ ይችላል። ይህችን ቅጽበት ለመያዝ ሦስት ማለዳ ቁጭ ብዬ ያተረፍኩት ባዶ ቅርንጫፍና የውሃ ፍንጣቂ ብቻ ነበር። ጥፋቱን በካሜራዬ ላይ አላከክሁ። በሰከንድ 7 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ ነው አልኩ። ከዚያ በሰከንድ 20 የሚያነሳ ካሜራ ተውሼ ተመለስኩ፤ ይዤ የመጣሁትም ከበፊቱ ሦስት እጥፍ የሚሆን ባዶ ቅርንጫፍ ሆነ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሰው አንድን እንቅስቃሴ በዓይኑ አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝለት ሩብ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። በሰከንድ 20 ለሚያነሳ ካሜራ ሩብ ሰከንድ ማለት አምስት ፎቶ ነው። ወፏ ክንፏን የዘረጋችው፣ እግሯም ከእንጨቱ የተላቀቀው በእነዚያ ባልተነሱት አምስት ፎቶዎች ውስጥ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። የካሜራው ፍጥነት የሚጀምረው የእኔ መዘግየት ካበቃ በኋላ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ መሆኑ ምንም አልፈየደልኝም።

ስለዚህ ካሜራን ከካሜራ ስናወዳድር በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ለጊዜው እንተወውና አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ እኔን ቅጽበቷ የምታመልጠኝ የት ላይ ነው? አንዱ ጣቱ ስለሚዘገይ ይከስራል። ሌላው ፎከሱ ወፏን ትቶ ቅጠል ላይ ስለሚያርፍ፣ ሌላው ማለዳ ብርሃን ስለሚያጥረው፣ ሌላው ደግሞ ካሜራው ከብዶት ቦርሳ ውስጥ ስላስቀመጠው። የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ነው።

ጣት የሚዘገይበት

ለጣት መዘግየት የተሠራው መፍትሔ ቅድመ ቀረጻ ነው። መጫኛውን በግማሽ ስትጫኑት ካሜራው ፎቶ ማንሳት ይጀምራል፤ ካርድ ላይ ግን አይጽፍም። አዲሱ ሲገባ አሮጌው እየወጣ በውስጡ ባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ይሽከረከራል። እስከ መጨረሻው ስትጫኑት ያለፈውን ግማሽ ወይም አንድ ሰከንድ ጨምሮ ያስቀምጥላችኋል። ወፏ ከተነሳች በኋላ ብትጫኑም የተነሳችበት ቅጽበት በእጃችሁ አለ ማለት ነው። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ኢ-ኤም1 ማርክ 2 ላይ ፕሮ ካፕቸር በሚል ስም አምጥቶት ነበር፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት።

ዛሬ ብዙ ካሜራዎች ይህ አላቸው፤ ነገር ግን ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው እኩል አይደለም። ኦኤም ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኦኤም-1 ባለ 20 ሜጋፒክስል ሮው ፋይል (ካሜራው የያዘውን መረጃ እንዳለ የሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል)፣ ፎከሱ እየተከታተለ፣ በሰከንድ እስከ 50 ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርገው ግን ከተመረጡ ሌንሶች ጋር ነው፤ በሌሎቹ 25 ላይ ይቆማል። የኒኮን ዜድ 8 እና ዜድ 9 ቅድመ ቀረጻ በጄፔግ፣ ማለትም በተጨመቀ ፋይል፣ ብቻ ነው። ጥሩ ብርሃን ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ በጥላ ውስጥ ተነስቶ በኋላ በኮምፒውተር መስተካከል ለሚያስፈልገው ፎቶ ግን ከባድ ጉድለት ነው። ካነን አር7 ግማሽ ሰከንድ ወደኋላ በሮው፣ በሰከንድ 30 ይይዛል። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጥቅል ፋይል ስለሚያስቀምጥ የምትፈልጓቸውን ፎቶዎች ከጥቅሉ አንድ በአንድ ማውጣት ግድ ይሆናል። አንድ ቀን ይቻላል፤ በሳምንቱ ያስመርራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አር5 ማርክ 2 ያንኑ ግማሽ ሰከንድ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው አድርጎ ይሰጣል። የሶኒ ሦስተኛው ኤ9 ደግሞ እስከ አንድ ሰከንድ ወደኋላ፣ በሰከንድ እስከ 120 ፎቶ ይሄዳል። የሚገርመው የመጀመሪያው ሶኒ ኤ1 ነው፤ 50 ሜጋፒክስል በሰከንድ 30 እያነሳ ቅድመ ቀረጻ ጭራሽ የለውም። ቅርንጫፍ ላይ ያለች ወፍ እስክትነሳ ለሚጠብቅ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከኤ1 ይልቅ በዋጋ በብዙ የሚያንሰው ኦኤም-1 ይበልጥበታል።

በአንጻሩ ሚዳቋ ስትሮጥ ወይም ንስር ሲያንዣብብ ለሚያነሳ ሰው ቅድመ ቀረጻ ብዙ አይጠቅመውም። እንቅስቃሴው አስቀድሞ ተጀምሯል፤ ጣትም ተጭኗል። ደግሞ ባትሪ ይበላል። በሰከንድ 120 አሥር ጊዜ ለአንድ አንድ ሰከንድ ብትጫኑ 1200 ፎቶ ነው፤ ማታ ቁጭ ብሎ ያንን የሚያበጥረው ካሜራው አይደለም።

ፎከስ የሚስትበት

ሁለተኛው የኪሳራ ምንጭ ፎከስ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ይኼኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። የዛሬ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎች የእንስሳን ዓይን ለይተው ይከተላሉ። ወፏ ከፍሬሙ ግራ ጥግ ገብታ በቀኝ ብትወጣም ፎከሱ አብሯት ይጓዛል፤ እናንተ የምትጨነቁት ስለ አቀማመጡ ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ዲኤስኤልአሮች (መስታወት ባላቸው ካሜራዎች) የፎከስ ነጥቦቹ መሃል ላይ የተሰበሰቡ ስለሆኑ እንስሳውን መሃል ላይ ይዞ መቆየት የፎቶ አንሺው ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኒኮን ዲ500 ከእነሱ ይለያል፤ 153 ነጥቦቹ የፍሬሙን ስፋት ከዳር እስከ ዳር ለመሸፈን ትንሽ ነው የሚቀራቸው።

የዓይን መለያው ግን ተአምር አይደለም። ወፏ ሜዳ ላይ ወይም ባዶ ሰማይ ላይ ስትሆን ሁሉም ጎበዝ ነው። ችግሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ነው። ያኔ አንዱ ካሜራ ዓይኗን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ፊት ለፊት ያለውን ቀንበጥ ያነሳላችኋል። ስለዚህ መለያውን ብቻ ሳይሆን መለያው ሲስት የምታመልጡበትን መንገድም አወዳድሩ፤ በአንድ አዝራር ከሰፊው ክልል ወደ አንዲት ትንሽ ነጥብ መዝለል ይቻላል ወይስ ሜኑ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል? ቁጥቋጦ ውስጥ ያለች ወፍ ሜኑ እስክትከፍቱ አትጠብቅም።

ሌላም አለ። መለያው የሚያውቀው የተማረውን ነው። ወፍ፣ ውሻና ድመት በሁሉም ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ ለጉንዳንና ለተርብ ግን እንደ ሶኒ ኤ7አር 5 ነፍሳትን ለብቻ የሚለይ ካሜራ መፈለግ ይሻላል። ደግሞም አምራቾች ካሜራውን ከሸጡ በኋላ በሶፍትዌር ማሻሻያ ይለውጡታል። ዜድ 8 እና ዜድ 9 ወፍን ለብቻ የሚለየውን ምርጫ ያገኙት ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው። ስለ ፎከስ የምታነቡት ግምገማ መቼ እንደተጻፈ ተመልከቱ፤ ካሜራው በወጣ በወሩ የተጻፈ ወቀሳ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ክንፍ የሚጣመምበት

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ። አንዲት ወፍ በሰከንድ 10 ሜትር ትበራለች እንበል። በ1/3200 ሰከንድ ውስጥ የምትጓዘው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፎቶው ጥርት ይላል ማለት ነው። ነገር ግን ካሜራው በድምፅ አልባው በኤሌክትሮኒክ ሹተር ሲያነሳ ሴንሰሩን (ብርሃን የሚቀበለውን ክፍል) ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነበው። ንባቡ 1/30 ሰከንድ ከፈጀበት፣ የላይኛው ረድፍ ተነቦ የታችኛው እስኪነበብ ወፏ 33 ሴንቲ ሜትር ተጉዛለች። ካሜራችሁን ከወፏ እኩል ካዞራችሁ አካሏ ይድናል፤ የኋላው ዛፍ ግን ዘመም ይላል። በፍጥነት የሚመታው ክንፍ ደግሞ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ሮሊንግ ሹተር የሚባለው ችግር ይኼ ነው።

ካነን አር7 በኤሌክትሮኒክ ሹተር በሰከንድ 30 ያነሳል ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ የንባብ ፍጥነቱ ግን ከላይ ካልኩት 1/30 ብዙም አይርቅም። እዚያው ካሜራ ላይ በሜካኒካል (በመጋረጃ በሚሠራው) ሹተር በሰከንድ 15 ብታነሱ ክንፉ ቀጥ ይላል። አር7 ያለው ሰው ለበራሪ ወፍ 15ቱን፣ ለተቀመጠች ወፍ 30ውን ይጠቀም እላለሁ። ስታክድ ሴንሰር (በፍጥነት እንዲያነብ በድርብርብ የተሠራ ሴንሰር) ያላቸው እንደ ዜድ 8፣ ዜድ 9 እና ኤ1 ያሉት በ1/250 ሰከንድ ገደማ ያነባሉ፤ በዚያው ስሌት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ዜድ 8 እና ዜድ 9 ሜካኒካል ሹተር ጭራሽ የላቸውም፣ አላስፈለጋቸውም። ሦስተኛው ኤ9 ሁሉንም ረድፍ በአንድ ጊዜ የሚያነብ ግሎባል ሹተር ስላለው መጣመም የሚባል ነገር አያውቅም። ነገር ግን በነፃ አይደለም፤ መነሻ አይኤስኦው (የብርሃን ትብነቱ ዝቅተኛ ደረጃ) 250 ነው፣ ጥራቱም 24.6 ሜጋፒክስል ስለሆነ ሩቅ ያለችን ወፍ ቆርጦ ለማጉላት ከኤ1 ግማሽ ያህል ነው የሚሰጣችሁ።

ስታክድ ሴንሰር ሌላም ጥቅም አለው፤ እያነሳችሁ ሳለ በዓይን መመልከቻው በኩል ምስሉ አይቋረጥም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያውን ኤ9 ሲያወጣ በሰከንድ 20 እያነሳ መመልከቻው እንደማይጨልም ነበር ዋና ወሬው። በተራ ሴንሰር ካሜራ ስታነሱ የምታዩት አሁን ያለውን ሳይሆን ቀድሞ የተነሳውን ፎቶ ነው፤ አቅጣጫ የምትቀያይር ወፍ ደግሞ ከዚያ ፎቶ ወጥታ ሄዳለች። ይህን ልዩነት በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም፤ ዓይናችሁን መመልከቻው ላይ ስታደርጉ ግን ወዲያው ይገባችኋል።

ርቀትና ብርሃን

ብዙ ሰው ገንዘቡን በካሜራው ላይ ጨርሶ ለሌንስ የሚተርፈውን ይቆጥራል። እኔ ተገላቢጦሹን እመክራለሁ፤ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስለሆነ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን የሹተሩን ፍጥነት ይወስናል። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ይሰፋል፤ ኤፍ 4 ሌንስ ከኤፍ 6.3 ሌንስ ሁለት እጥፍ ተኩል ብርሃን ያስገባል። በአንደኛው 1/2500 ሰከንድ ማግኘት በሚቻልበት ማለዳ በሌላኛው፣ በተመሳሳይ አይኤስኦ፣ የምታገኙት 1/1000 ነው። 1/1000 ለምትራመድ ሚዳቋ ይተርፋል፤ ለምትነሳ ወፍ ክንፍ አይበቃም። የካነን 800 ሚሊ ሜትር ኤፍ 11 ሌንስ 1.26 ኪሎ ብቻ መሆኑ ያማልላል፤ የሚያስገባው ብርሃን ግን የኤፍ 5.6 ሩብ ነው። በጠራራ ፀሐይ ደህና ነው፤ በማለዳ ግን ለቆመ እንስሳ ብቻ የሚሆን ሌንስ ነው።

የሴንሰር መጠን ክርክር ውስጥ ሰው ብዙ ይደናበራል። ጠቃሚው ጥያቄ፣ በያዝኩት ሌንስ ወፏ ላይ ስንት ፒክስል ያርፋል የሚለው ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር) ፎቶን ወደ ኤፒኤስ-ሲ (አነስ ያለ ሴንሰር) ስፋት ብትቆርጡት 10 ገደማ ይቀራል። ባለ 45.7ቱ ዜድ 8 ሲቆረጥ 19 ይሰጣል። አር7 በዚያው ስፋት ላይ ሙሉ 32.5 ያሳርፋል። ስለዚህ ሌንሳችሁ አጭር ከሆነና ወፎቹ ሩቅ ከሆኑ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም፣ ምንም ያህል ቢወደስ፣ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ብርሃን በሞላበት ኤፒኤስ-ሲ ያሸንፋል፤ ብርሃን ሲያንስና እንስሳው ቅርብ ሲሆን ግን ፉል ፍሬሙ መልሶ ይበልጠዋል።

በክብደት በኩል ማይክሮ ፎር ተርድስ (ከኤፒኤስ-ሲም ያነሰ ሴንሰር) የራሱ ዓለም ነው። ለኦኤም-1 የሚሆነው 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ 1.3 ኪሎ ገደማ ሲመዝን በፉል ፍሬም 600 ያለውን እይታ ይሰጣል። እውነተኛው ባለ 600 ኤፍ 4 የካነንና የሶኒ ሌንስ ከ3 ኪሎ በላይ ነው። ልዩነቱን ግን እንወቅ፤ ትንሹ ሴንሰር በጠቅላላ የሚሰበስበው ብርሃን የሩብ ያህል ስለሆነ በጨለምለም ላይ የፎቶው ሻካራነት ይጨምራል። የሶኒ 200-600 በመሃል ላይ ይቀመጣል፤ 2.1 ኪሎ፣ መጨረሻው ኤፍ 6.3። የኒኮን ባለ 600 ኤፍ 6.3 ደግሞ ዙም ሳይኖረው ወደ 1.5 ኪሎ ይወርዳል፤ በእጅ ይዞ ግማሽ ቀን መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ። ሌንሱ ከብዶ ትከሻ ላይ ሲወጣ ነው ቀበሮዋ የምታልፈው።

ሌንስ መቀየር ለማይፈልጉ ሁለት አንድ ወጥ ካሜራዎች ይነሳሉ፤ ማወዳደራቸውም ቀላል ነው። ኒኮን ፒ1000 እስከ 3000 ሚሊ ሜትር የሚያክል ዙም አለው፤ በተከታታይ የሚያነሳው ግን 7 ፎቶ ብቻ ነው፣ ከዚያ ቆሞ ይጽፋል። ሩቅ ዛፍ ላይ የተቀመጠን ጭልፊት ለመለየት እሱን የሚያህል የለም፤ ጭልፊቱ ሲነሳ ግን ተሰናበቱት። ሶኒ አርኤክስ10 4 በ600 ላይ ቢያቆምም በሰከንድ 24 እያነሳ ፎከሱ ይከተላል፣ 1.1 ኪሎ ነው። ለእንቅስቃሴ ከሆነ ጥያቄም የለው።

ካርዱ የሚያንቀው

ይህን በአጭሩ። አንድ ሮው ፋይል 30 ሜጋባይት ቢሆን በሰከንድ 30 ፎቶ 900 ሜጋባይት ነው። የዩኤችኤስ-2 ኤስዲ ካርድ መስመር ጣሪያው 312 ነው፤ ርካሹ ቪ30 ካርድ ደግሞ ቢያንስ 30 እጽፋለሁ ብሎ ነው ቃል የሚገባው። ስለዚህ የኤስዲ ካርድ ብቻ የሚቀበል ፈጣን ካሜራ ባፈሩ (ጊዜያዊ ማከማቻው) በጥቂት ሰከንዶች ይሞላል፣ ከዚያ ዋናው ትዕይንት ሲመጣ ይንተባተባል። ሲኤፍኤክስፕረስ ታይፕ ቢ የሚባለው ካርድ 2000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያሳልፍ እንዲህ ያለው መታነቅ እምብዛም አይታይበትም። የኤስዲ ካሜራ ካላችሁ ቪ90 ካርድ ግዙና በግማሽ ሰከንድ እየቆራረጣችሁ ተኩሱ።

ያገለገለ ካሜራ ያዋጣል?

እንስሳችሁ ትልቅ ከሆነና በቀን ብርሃን የምታነሱ ከሆነ፣ አዎ። ዲ500 በሰከንድ 10 ያነሳል፣ በፈጣን ካርድ እስከ 200 ሮው ሳይቆም ይሄዳል፣ በአንድ ባትሪ 1240 ፎቶ ተብሎ ተመዝኗል። ለዜድ 8 በዚያው መለኪያ የተሰጠው 340 ነው፤ በተከታታይ ሲነሳ ከዚያ እጅግ ይበልጣል እንጂ፣ ሳያነሱ በመመልከቻው ሲጠብቁ መዋል ባትሪውን እንደሚጨርስ ቁጥሩ ይናገራል። መስታወት ያለው ካሜራ ለማየት ብቻ ባትሪ አይጠይቅም። የምታጡት ግን ሦስት ነገር አለ፤ ዓይን መለየት፣ ቅድመ ቀረጻና ዝምታ። ሦስተኛውን አትናቁት። የመስታወቱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሚዳቋዋ ጆሮዋን አቁማ ወደ እናንተ ታፈጣለች፤ ከዚያ በኋላ የምታነሱት የእናንተን መኖር ያወቀች ሚዳቋ ነው።

እንግዲህ የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ከቅርንጫፍ የምትነሳን ወይም ውሃ ውስጥ የምትወረወርን ወፍ ለሚጠብቅ ኦኤም-1፣ አቅም ካለ አር5 ማርክ 2። አየር ላይ ላሉ ወፎች ስታክድ ሴንሰር ያለው ማንኛውም፤ ከእነዚህ ዜድ 8 ጥራቱንና ፍጥነቱን በ910 ግራም ስለሚሰጥ ዜድ 9ን 1340 ግራም ተሸክሜ የምሄድበት ምክንያት አይታየኝም፤ ትልቁ ባትሪው የግድ ካላስፈለገ በቀር። ሩቅ ላሉ ትናንሽ ወፎች፣ ኪስ ሳይጎዳ፣ አር7 በሜካኒካል ሹተር። ለትላልቅ አጥቢዎች ያገለገለ ዲ500 ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ ሌንስ ላይ ማዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለአንድ ቀን ተዋሱት ወይም ተከራዩት። አንበሳ አያስፈልግም፤ ርግቦች ባሉበት ቁሙና ወደ እናንተ የሚበሩትን አንሱ፣ ውሻ ወደ ባለቤቱ ሲሮጥ አንሱ። ካሜራውን ከደረት ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ እንስሳው ሲንቀሳቀስ ወደ ዓይን አንሱትና ተጫኑ። ቤት ስትገቡ ከእያንዳንዱ ተከታታይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፎቶዎች ብቻ በሙሉ መጠን ክፈቱ። ዓይኑ በስንተኛው ላይ እንደጠራ ጻፉ። በሌላኛው ካሜራ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ድገሙት፣ ሁለቱን ዝርዝሮችም ጎን ለጎን አስቀምጡ።